ከጸሎት ቤት የወጣ ሰው

ባለፈው የመንፈቀ ዓመት ፈተና ያለቀ ዕለት ማታ፣ በመኝታ ቤታችን ሰብሰብ ብለን ስንጫወት፣ አንድ ጓደኛዬ በድንገት «ለመሆኑ አንተ አሁን ምንድን ነህ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አልነበረም። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ሲያድር፣ እሑድ እሑድ ጧት መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ ስወጣ ያየኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሳልወጣ መቅረቴን አይቷል። ቤተ ክርስቲያን አልሳለምም፤ መስጊድ አልሄድም፤ ከቢራ ጠጪዎቹም ጋር አልቆጠርም። እንግዲህ ምንድን ነኝ? እኔም «እንጃ» ብዬ ሳቅሁና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ይህችን ጽሑፍ ለማኅበራችን መጽሔት ለማቅረብ ያሰብሁት በዚያች ሌሊት ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ተማሪ በግቢያችን ውስጥ እኔ ብቻ አለመሆኔን አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹ ማታ ስንንሸራሸር በሹክሹክታ አጫውተውኛል። ይሁን እንጂ፣ ውድ ጓደኞቼ፣ አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። ማንም ሰው ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ይውጣ ብዬ ለመስበክ አልተነሣሁም፤ ስብከት በልጅነቴ በበቂው ሰምቻለሁ። እናቴም እኅቶቼም ዛሬ እዚያው ናቸው፤ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች መሆናቸውንም አልሸሽግም። ለማስረዳት የምፈልገው፣ ሰው ከጸሎት ቤት ሲወጣ ምን ምን ነገር አብሮ እንደሚያጣ፣ የጎደለውንም በምን እንደሚተካ ነው። ብዙዎቻችን ነገሩን የእምነት ክርክር ብቻ አድርገን እንገምተዋለንና፤ ክርክሩ በልባችን ከተፈታ በኋላ ሕመሙ እዚያው ተቀምጦ ስናገኘው እንደነግጣለን።

እኔ የጌጫ ልጅ ነኝ። ጌጫ ከጎሬ በማሻ በኩል ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በሸካ ዞን በአንድራቻ ወረዳ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከዓመቱ ወራት አብዛኛውን ዝናብ አይለያትም። እንሰት በየጓሮው፣ የንብ ቀፎ በየዛፉ ላይ ይታያል፤ የሸካ ደንም በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ቴፒ ሲወርዱ ብርዱ ቀርቶ የቡናው አገር ሙቀት ይቀበላል፤ ተማሪ ሹራቡን የሚያወልቀው እዚያ ነው።

አያቴ በአንድ ዕድሜ ሦስት ሃይማኖት አይተዋል። የመጀመሪያው የአገሩ የጥንት እምነት ነው። በከፋና በሸካ ኤቆ የተባለው መንፈስ የሚያድርበት ሰው አላሞ ይባላል፤ ሰው ሲታመም፣ ከብት ሲጠፋ፣ ልጅ ሲሞት ወደ አላሞው ይኬድ ነበር። አላሞውም መንፈሱ ሲወርድበት ምክንያቱን ይናገራል፤ ስጦታውንም ይቀበላል። በጫካው ውስጥ ደግሞ ደዶ የሚባሉ፣ ዛፍ የማይቆረጥባቸው የጎሳ የአምልኮ ሥፍራዎች ነበሩ፤ ዛሬም ጨርሰው አልጠፉም። በ1890 ዓ.ም. ገደማ የሸካ መንግሥት በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ከተጠቃለለ ወዲህ፣ ኦርቶዶክሳዊው ክርስትና ከማተቡና ከጾሙ ጋር እየተስፋፋ መጣ። አያቴም በልጅነታቸው ተጠመቁ፤ የክርስትና ስም ወጣላቸው። ነገር ግን ቤት ውስጥ የታመመ ሲኖር፣ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ወደ አላሞው መሄዳቸው አልቀረም። ይህን ሲያጫውቱን እስከ ዛሬ ይስቃሉ። በስተርጅና ደግሞ እናቴን ተከትለው ወደ ጸሎት ቤት ገቡ።

ይህ ሦስተኛው ከፊተኞቹ የሚለየው፣ ሁሉን ጥሎ መምጣትን የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ማተቡ ተበጠሰ። ለአላሞው የሚሰጠው ቀረ። ጠጅና አረቄ ቀረ። ከተዝካርና ከጽዋ ማኅበር መብላት ቀረ። ሙሾ ማውረድና ደረት መድቃት ቀረ። በደዶው አጠገብ ያለፈ እንኳ ቶሎ ቶሎ እንዲራመድ ይመከር ነበር። የዛሬ ተማሪ ይህን ሲሰማ በጭፍን የተደረገ ሊመስለው ይችላል። አልነበረም። ሴት አያቴ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለአላሞው ያስረከቧቸውን በጎችና ወይፈኖች በጣታቸው እየቆጠሩ፣ «ጌታን ከተቀበልሁ ወዲህ አንዲት ዶሮ አልከፈልሁም» ይሉ ነበር። ለእርሳቸው መዳን ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ከዕዳ መዳን ነበር።

ሌላም ብዙ ነገር ተገኝቷል። ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶች መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ሲሉ ፊደል ቆጠሩ። ወንዱና ሴቱ አንድ ላይ ቆሞ ዘመረ። ከሁሉም በላይ ግን የማንጆዎችን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። በከፋና በሸካ ማንጆ የሚባሉት፣ በአደን፣ በማገዶና በከሰል ይታወቁ የነበሩት ወገኖቻችን፣ ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ እንዳይበሉ፣ እንዳይጋቡ፣ ከደጅ እንዳያልፉ ሲደረጉ የኖሩ ናቸው። ወንጌል «ሁላችሁም አንድ ናችሁ» ብሎ ሲመጣ፣ ብዙዎቹ የሰሙት ከሌላው ሰው የበለጠ ነገር ነበር። ተስፋው በሁሉም ሥፍራ አልተፈጸመም፤ በዚያው በጸሎት ቤት ውስጥ እንኳ ለብቻው የሚቀመጥ ወንበር የቆየበት አለ። ቢሆንም ያንን ቃል ሌላ ማንም አልተናገረላቸውም ነበር።

ከዚህም ላይ የስደቱን ዘመን መጨመር ያስፈልጋል። ይህ ታሪክ እኛን ተማሪዎችንም ይነካል፤ የጴንጤቆስጤው እንቅስቃሴ በአገራችን ከተጠነሰሰባቸው ሥፍራዎች አንዱ በ1950ዎቹ የነበረው የተማሪው ዓለም ነውና። የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በ1959 ዓ.ም. ለመመዝገብ ያቀረበችው ጥያቄ ተከለከለ፤ በነሐሴ 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከ200 በላይ ምእመናኗ ታሰሩ። በደርግ ዘመን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘጋች፤ ንብረቷም ተወረሰ። በየገጠሩም ስሙ ያልተጻፈ ብዙ ሰው ተገርፏል። «ጴንጤ» የሚለው ቃል መጀመሪያ የስድብ ስም ነበር፤ በኋላ ባለቤቶቹ ራሳቸው ወሰዱት።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ወጣት በሰላሙ ጊዜ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ እናቱና አባቱ ተደብቀው የጸለዩበትን ቤት ትቶ ይወጣል። ሕጉ ይፈቅድለታል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንም ሰው የመረጠውን እምነት ከመያዝ የሚያግድ ግዴታ እንዳይደርስበት ይደነግጋል። እርሱ ግን ራሱን የሚያየው መብቱን እንደሚጠቀም ዜጋ ሳይሆን፣ ሌሎች በግርፋት ያቆዩትን እንደ ጣለ ከሃዲ ነው። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከመቶ 10 ያህሉ ፕሮቴስታንት ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከመቶ 18.6 ደረሰ፤ በያኔው የደቡብ ክልል ደግሞ ከግማሽ በላይ ሆነ። ቆጠራው የያዘው ሰው በዚያን ዕለት ያለበትን ነው። ገብቶ የወጣውን የሚመዘግብ ዓምድ አልነበረውም።

አሁን ወደ ሕመሙ ልምጣ።

መጀመሪያ የሚጠፋው ጊዜ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። እኔ ባደግሁበት ቤት ሳምንቱ የተሠራው በጸሎት ቤቱ ነው፤ ረቡዕ የጸሎት ማታ፣ ዓርብ የወጣቶች ጉባኤ፣ ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ፣ እሑድ ጧት አምልኮ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የታመመ ጥየቃ። ከወጣሁ በኋላ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እግሬ ብድግ ይል ነበር። ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ተነሥቼ እስከ አስፋልቱ ደርሼ የተመለስሁበት ቀን ብዙ ነው። ቅዳሜ ከሁሉ የከፋ ነበር።

ቀጥሎ የሚጠፋው ቋንቋ ነው። ለሃያ ዓመት «ጌታ ይባርክህ» ብዬ ሰላም ብያለሁ፤ በ«አሜን» ተሰናብቻለሁ፤ ፈተና ሳልፍ «እርሱ ረዳኝ»፣ ስወድቅ «ፈቃዱ ነው» ብያለሁ። አንድ ቀን እነዚህን ቃላት ከአፌ ባወጣ፣ የሚቀረኝ እንደ ቢሮ ደብዳቤ ያለ አማርኛ ብቻ ሆነ። ያዘነን ሰው ምን ብዬ ላጽናና? «እግዜር ያጥናህ» ማለት የኦርቶዶክሶቹ ነው፤ «ጌታ ያጽናናህ» ማለት ደግሞ የተውሁት ነው። በአንድ ለቅሶ ላይ ምንም ሳልናገር የሟችን ወንድም እጅ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ብዙ ሰው ትሕትና መስሎት አመስግኖኛል።

ወዳጆችም ይለወጣሉ። ክፉ አይሆኑም፤ እንዲያውም ይበልጥ ደጎች ይሆናሉ፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ትናንት ወንድም የነበርህ ሰው ዛሬ የጸሎት ርእስ ትሆናለህ። መንገድ ላይ ሲያገኙህ እጅህን ጠበቅ አድርገው ይጨብጡና፣ ዓይን ዓይንህን እያዩ «እንዴት ነህ?» ይሉሃል፤ ደኅና ነኝ ብትል አያምኑህም፤ ከፍቶኛል ብትል ምክንያቱን አስቀድመው ያውቁታል።

እነዚህ ሁሉ ግን እናቴ ከጠየቀችኝ ጥያቄ ጋር ሲነጻጸሩ ቀላል ናቸው። በአንደኛው ክረምት ዕረፍት ወደ ጌጫ ሄጄ፣ እርሷ እንሰት እየፋቀች ሳለች አጠገቧ ተቀምጬ፣ ወደ ጸሎት ቤት መሄድ እንዳቆምሁ ነገርኋት። ስለ እግዚአብሔር ህላዌ የምትከራከረኝ መስሎኝ ካነበብኋቸው መጻሕፍት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እርሷ ግን መፋቂያውን አስቀምጣ ጥቂት ዝም አለችና፣ «ልጄ፣ ስትሞት ማን ይቀብርሃል?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ የውጭ አገር መጽሐፍ የሚያነብ ሰው በቀላሉ አይረዳውም። በእኛ አገር ቀብር ሬሳን ከማሳረፍ ያለፈ ነገር ነው፤ ሰው የማን ወገን እንደሆነ በመጨረሻ የሚታወቅበት ሸንጎ ነው። የመቃብሩ ቦታ ለረጅም ዘመን የቤተ ክርስቲያን ግቢ ሆኖ ስለኖረ፣ የቀደሙት ወንጌላውያን በብዙ ሥፍራ መቃብር ተከልክለው ሬሳ ይዘው ተንከራትተዋል። ከዚያ በኋላ ነው የራሳቸውን የመቃብር ቦታ ያገኙት፣ የራሳቸውንም የመረዳጃ ማኅበር ያቋቋሙት። ይህ በመከራ የተገኘ ነገር ነው። ስለዚህ ከጸሎት ቤት የሚወጣ ሰው ከዚያ መሬትም ጭምር ይወጣል። ወደ ኦርቶዶክሱ ልመለስ ቢል መንገድ አለ፤ ክዶ ለተመለሰ ሰው መጽሐፈ ቄደር ተነቦለት ይጠመቃል። ነገር ግን ይህ ለሚያምን ሰው የተሠራ በር ነው። መቃብር ፍለጋ ብቻ መጠመቅ፣ በእኔ አስተያየት፣ ቤተ ክርስቲያኗንም ራስንም ማታለል ነው።

እናቴ በአንዲት ጥያቄ የችግሩን ሥር አሳየችኝ። አባቶቻችን ወደ አዲሱ ቤት ሲገቡ የወጡበትን ድልድይ ሰብረው ነበር፤ እኛ ደግሞ ከአዲሱ ቤት ስንወጣ የምንመለስበት አሮጌ ቤት የለንም።

ስለ ፍርሃቱም ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ተማሪ የሆነ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚያፍርበት ነገር እርሱ ነውና። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ክፍት ነው፤ ጀበናው እሳት ላይ ተጥዶ ይንተከተካል፤ ሰው ግን የለም። በዚያ ሰሞን ስለ ንጥቀት ተሰብኮ ነበር፤ ጌታ ሲመጣ የእርሱ የሆኑት በቅጽበተ ዓይን ይነጠቃሉ፤ የቀሩት ለመከራ ይቀራሉ። እኔም እናቴ ተነጥቃ እኔ መቅረቴን ተረዳሁ። አልጮህሁም። በሩ ላይ ቆሜ የጀበናውን ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ከጎረቤት የተበደረችውን ጨው በመዳፏ ይዛ እስክትመለስ ድረስ ያለፈው ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ለእኔ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። ከወጣሁ በኋላ እንኳ፣ በንጥቀት ማመኔን ከተውሁ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ከክፍል ስመለስ መኝታ ቤታችን ባዶ ሆኖ አንድ ነጠላ ጫማ ተገልብጦ ባየሁ ጊዜ ልቤ ዘለለ። ጓደኞቼ ኳስ ጨዋታ ሊያዩ ሄደው ነበር።

የሥነ ልቡና ምሁራን ከፓቭሎቭ ዘመን ጀምሮ ሲያጠኑት እንደ ኖሩት፣ ሰውነት የተማረው ፍርሃት በአእምሮ ክርክር አይጠፋም። የሚለዝበው፣ ያስፈራ የነበረው ነገር ደጋግሞ ሲመጣና ምንም ክፉ ሳይከተለው ሲቀር ነው። ያን ጊዜም ቢሆን አሮጌው ትምህርት አይፋቅም፤ አዲሱ ይደረብበታል እንጂ። ስለዚህ የጠፋ የመሰለው ፍርሃት ከወራት በኋላ፣ በደከመን ጊዜ ወይም በሌላ ሥፍራ፣ ብቅ ሊል ይችላል። ይህን ማወቅ ብቻውን ይረዳል። እኔ ለምሳሌ በሌሊት መብረቅ ስደነግጥ «ምናልባት እውነት ይሆን?» እያልሁ ክርክሩን ከመሠረቱ እጀምር ነበር፤ አሁን ግን ይህ ክርክር ሳይሆን የስምንት ዓመቱ ልጅ መሆኑን አውቄ፣ ተነሥቼ ውሃ እጠጣለሁ።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ባለሙያ ማርሊን ዋይኔል እንዲህ ያሉ ሰዎችን ስትረዳ ኖራ በ1993 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጻፈች፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሕመሙን «የሃይማኖት ቁስል» ልንለው የምንችለውን ስም ሰጠችው። ስሙ በሐኪሞች መደበኛ የበሽታ ዝርዝር ውስጥ አልገባም፤ ክርክርም አለበት። እኔ ከዚህ ጽሑፍ የተማርሁት ብዙ ቢሆንም አንድ ነገር ይጎድለኛል። የአሜሪካው ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ፣ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ወደማያውቅ ከተማ ይገባል። እኛ የምንወጣው ወደዚያው ግቢ ነው፤ ያው ሰው ያችኑ ምንጭ ይቀዳል፣ በዚያው መንገድ ወደ ገበያ ይሄዳል።

ለእኛ የሚቀርበው የሔለን ሮዝ ኢባው ጥናት ይመስለኛል። ኢባው ራሷ መነኩሲት ነበረች፤ ከገዳም ወጥታ የሶሲዮሎጂ ምሁር ሆነች፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የቀድሞ ኑሯቸውን ትተው የወጡ 185 ሰዎችን አነጋግራለች። ገዳም የተዉ፣ ሕክምና የተዉ፣ ትዳር የፈቱ ይገኙባቸዋል። መንገዱ ለሁሉም ተመሳሳይ ሆኖ አገኘችው፤ መጀመሪያ ጥርጣሬ፣ ከዚያ ሌላ ኑሮ በዓይን መፈለግ፣ ከዚያ ቁርጡ ቀን፣ በመጨረሻም «የቀድሞ» ሆኖ መኖርን መማር። ትልቁ ነገር ይህ የመጨረሻው ነው። የቀድሞ መነኩሲት ከቶ መነኩሲት ሆና ከማታውቅ ሴት ጋር አንድ አይደለችም፤ አሮጌው ኑሮዋ በአካሄዷም በአነጋገሯም ይቀራል፤ ሰዎችም በእርሱ ያዩአታል።

እንግዲህ በዚህ በ«ቀድሞ» ላይ ሰው በብዙ መንገድ ይሰናከላል። አንዱ የተወውን ቤት መዋጋት ብቻ ሥራው ይሆናል፤ ቀንና ሌሊት ስለ ፓስተሮች ያወራል፤ ስለዚህም ከጸሎት ቤቱ አንድ ቀን እንኳ አልወጣም ማለት ነው። ሌላው ነጻነቱን ለማስመስከር መጠጥ ይጀምራል። እኔም ሞክሬአለሁ፤ ቴፒ ላይ አንድ ብርሌ ጠጅ ጠጥቼ ሌሊቱን ሁሉ ሲያስመልሰኝ አደረ፤ የጠጅ ቤቱን ሰዎች ግን ወድጃቸዋለሁ። ሦስተኛው ደግሞ እንደ ፊተኛው ሁሉን የሚጠይቅ ሌላ ቤት ፈልጎ ይገባል። ዶናልድ ዶንሃም የተባለው አንትሮፖሎጂስት በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ኦሞው አካባቢ ስለ ማሌ ሕዝብ የጻፈው ከዚህ ጋር ይቀራረባል። አብዮቱ ሲመጣ፣ የጥንቱን ሥርዓት በማፍረስ በኩል ከፊት ከተሰለፉት ውስጥ የሚስዮኑ አማኞች ይገኙበት ነበር። አሮጌውን ዓለም ጥሎ ወደ አዲስ መውጣትን አስቀድመው ተምረውታልና፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ያው አብዮት በእነርሱው ላይ ዞረ። በግቢያችንም፣ ስም ሳልጠራ፣ ከጉባኤ ወጥቶ በአንድ ሳምንት ውስጥ የዘር ፖለቲካ ሰባኪ የሆነ አውቃለሁ። ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

መዳኑስ? በበኩሌ የማውቀውን ብቻ ልናገር።

በመጀመሪያ የተወሰደብኝ የመሰለኝ ነገር ሁሉ የእነርሱ አለመሆኑን ቀስ በቀስ ተረዳሁ። በመዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ እዘምር ነበር፤ ያ ድምፅ የእኔ ጉሮሮ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ፣ በዚያው በአስቸጋሪው ሰዓት፣ ወደ ግቢያችን የሙዚቃ ክበብ ሄድሁ። መጠጥ አለመውደዴም የራሴ ጠባይ ሆኖ ተገኘ። አንድን ምንባብ መስመር በመስመር ይዞ፣ «እዚህ ላይ ምን ይላል?» እያሉ መቀመጥንም ያስተማሩኝ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዛሬ በትምህርቴ የምጠቀምበት እርሱን ነው። ስለዚህ አመሰግናቸዋለሁ፤ ሳገኛቸውም ይህንኑ ነግሬአቸዋለሁ።

ቋንቋው ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደ። እናቴ በስልክ «ጌታ ይባርክህ» ስትለኝ መጀመሪያ ዝም እል ነበር፤ ዝምታው ያቆስላት ነበር። አንድ ቀን «አሜን እማዬ» አልኋት። ይህ «አሜን» የሃይማኖት መግለጫ አይደለም፤ እናቴ ለእኔ መልካም ስትመኝ እኔም ይሁን ማለቴ ነው። ግብዝነት ነው የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ይበሉ።

አያቴንም ስለ ደዶው ጠየቅኋቸው። ወደ አሮጌው እምነት ልመለስ አይደለም፤ ለአላሞው የምሰጠው ወይፈንም የለኝም። ነገር ግን ያደግሁበትን ጫካ በፍጥነት እየተራመድሁ ያለፍሁት ስለሆነ ዛፎቹን አላውቃቸውም ነበር። አያቴ በምርኩዛቸው እየጠቆሙ ቀፎ የሚሰቀልበትን ዛፍ፣ ንብ የምትወደውን አበባ፣ የማን ጎሳ ደን ከየት እስከ የት እንደሆነ አሳዩኝ። ስንመለስ እናቴ ከቡና ቅጠል በቅመም የሚፈላውን ጨሞ አቀረበችልን። የት እንደዋልን አልጠየቀችም።

ሁሉም ሰው ግን ይህን ሊያደርግ አይችልም። ከማንጆዎቹ ወገን የሆነ አንድ የትምህርት ጓደኛዬ በጉባኤው እንደ ጸና ነው፤ ጥርጣሬውም ከእኔ አያንስም። «አንተ ብትወጣ ደኑን የሚያሳይህ አያት አለህ» አለኝ። «እኔን ግን ከዚያ ቤት በቀር ማን ወንበር ሰጠኝ?» የምመልሰው አጣሁ። ወንድሞቻችንን «ለምን አትወጡም?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ ውጭ ምን እንዳዘጋጀንላቸው ብናይ መልካም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። እንቅልፍ ለሳምንታት የጠፋበት፣ ምግብ ያስጠላው፣ ሞትን የሚያስብ ሰው፣ ነገሩን የእምነት ፈተና ወይም የነጻነት ዋጋ እያለ አይቀመጥ። ለእኛ አካባቢ ጅማ ላይ የአእምሮ ሕክምና አለ፤ አዲስ አበባ ላሉትም አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሐኪሙ የማንን ወገን እንደሆንህ አይጠይቅም።

የእናቴ ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም ነበር። አባቴ ጸሎት ቤት ከመግባቱ በፊት የገባበት አንድ የከተማ ዕድር አለ። ከገባ በኋላ ለቅሶው ሙሾ ስላለበት አይሄድም፤ ወርኃዊውን ግን ይከፍላል፤ በቀረበት ቀብር ሁሉ ደግሞ የቅጣቱን ገንዘብ ያለ ማጉረምረም ያወጣል። እኛ ልጆቹ ይህን እንደ ሽማግሌ ግትርነት እንቆጥረው ነበር።

ባለፈው ክረምት ጌጫ ሳለሁ አንዲት የጎረቤት አሮጊት ሞቱ፤ ኦርቶዶክስ ነበሩ። አባቴ ማር ሊሸጥ ቴፒ ወርዶ ነበር። ዝናቡ ጧት ስላቆመ አካፋ ይዤ ከጎልማሶቹ ጋር መቃብር ቆፈርሁ፤ መሬቱ ጭቃ ሆኖ አስቸገረን። ቄሶቹ ሲፈቱ ከኋላ ቆሜ አዳመጥሁ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የአባላቱን ስም መጥራት ጀመረ። የአባቴን ስም ሲጠራ፣ እንደ ልማዱ መቅረቱን ሊጽፍ እርሳሱን አነሣ።

«አለሁ» አልሁ።

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና፣ ከስሙ አጠገብ ምልክት አድርጎ የሚቀጥለውን ጠራ።